ተከፍሎበታል

እናቴ ለመፍራት ብላ ገንዘብ የምትከፍል ሴት አይደለችም። በነጻ የሚመጣው ፍርሃት በቅቷታል። አብዮት አይታለች፣ ቀይ ሽብር አይታለች፣ እኔንና ወንድሜን ገና በልጅነታችን ብቻችንን በታክሲ ትምህርት ቤት ልካለች። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ከተማ ውስጥ፣ ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ «እማዬ፣ ዛሬ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው የምንሻገረው!» ሲላት የጠየቀችው ጥያቄ ከእሷ የሚጠበቅ ነበር።

«ማዶ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ጫካ ነው። አይተን እንመለሳለን።»

«ምንም ከሌለ ለምን እንሻገራለን?»

ወንድሜ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። የሰባት ዓመቷ ሚጣም ምን እንዳሳቃቸው ባይገባትም ሳቀች። እኔ ግን ጥያቄው ልክ መሰለኝ። እስኪ እናንተም አስቡት። እኛ አገር ድልድይ የሚሠራው ማዶ ገበያ፣ ማዶ ቤተ ክርስቲያን፣ ማዶ ዘመድ ስላለ ነው። ለመሻገር ሲባል ብቻ መሻገር የሚባል ነገር በእማዬ መዝገብ ውስጥ የለም።

እኔና እማዬ ቪዛ እንዴት እንዳገኘን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። የጉዟችን ምክንያት በወረቀቱ ላይ «የልጅ ልጅ ለመጠየቅ» ይላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ማመልከቻ ላይ የሚሞላ አልነበረም። ወንድሜ ከአገር ከወጣ 13 ዓመቱ ነው። አባታችን ካረፈ 5 ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እማዬና ወንድሜ በስልክ የሚነጋገሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ብርድ አለ ወይ፣ ገንዘቡ ደረሰ ወይ፣ ልጅቷ ትበላለች ወይ። ይሳሳቃሉ፣ ይመራረቃሉ፣ ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም በረጅሙ ይተነፍሳሉ። (የእማዬን ትንፋሽ አጠገቧ ስለምቀመጥ አውቀዋለሁ፤ የእሱን ሚስቱ ነግራኛለች።)

ቫንኩቨር ከደረስን ሁለት ሳምንት ሆኖናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአባቴ ስም በዚያ ቤት አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኛ በፎቶው ሥር እያለፍን ሻይ እንጠጣለን።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው ሽርሽር የወጣነው።

ወደ ሰሜን ቫንኩቨር ስንሄድ አንድ ትልቅ የባሕር ድልድይ ተሻገርን። ላየንስ ጌት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተ ነው። ወንድሜ መሃሉ ላይ ስንደርስ ቀስ ብሎ «እማዬ፣ ይሄም እኮ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው» አላት። እማዬ በመስኮት ወደ ላይ አየች፤ ገመዱን አየች፤ ከሥራችን የሚያልፈውን መርከብ አየች። ከዚያም ነጠላዋን አስተካክላ «ዝም ብለህ ንዳ» አለችው።

የምንሄድበት ቦታ ካፒላኖ ይባላል። ስሙ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከስኳሚሾች አለቃ ስም የመጣ ነው። የመኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ያገኘነው ሰልፍ የአዲስ አበባን የታክሲ ሰልፍ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም አለመጋፋቱ ነው። የትኬቱ ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ስንደርስ እማዬ መነጽሯን አወጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥር ግን በየትኛውም ቋንቋ ታነባለች። ለአንድ አዋቂ ከ60 ዶላር በላይ ነው። አንድ የካናዳ ዶላር በዚያ ሰሞን መቶ ብር ገደማ ነበር። እማዬ በጣቷ ቆጠረችን፤ አራት አዋቂ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ሃያ አራት ሺህ ብር!» አለች፤ ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩን። «ሚጣን ሳይጨምር! ለጫካ!»

እኔም ጥፋት ጨመርኩ። ስልኬን ከፍቼ ስፈልግ እዚያው ሰሜን ቫንኩቨር ውስጥ ሊን ካንየን የሚባል ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተ፣ ከፍታው 50 ሜትር፣ መግቢያው ነጻ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ወንድሜ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ለካስ አንዳንድ ጊዜ ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ለሚያየው ነገር አይደለም። እናቱ ከ13 ዓመት በኋላ መጥታ በነጻ ቦታ ሊወስዳት አልፈለገም። ካርዱን አውጥቶ ከፈለ። እማዬ ደረሰኙን ተቀበለችው፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አሁን ሳስበው የቀኑ ዋና ነገር ያ ደረሰኝ ነበር።

እንደገባን ረጃጅም የተቀረጹ የእንጨት ምሰሶዎች ቆመዋል። የንስር ምንቃር፣ የድብ ፊት፣ የሰው ዓይን። እማዬ አማተበች። ወንድሜ ጣዖት እንዳልሆኑ፣ የነባሮቹ ሕዝቦች የቤተሰብ ታሪክና ትውልድ የሚተረክባቸው እንደሆኑ ሲያስረዳት ጥቂት አሰበችና «እንዲህ ከሆነማ የዘር ሐረግ ነው። ደግ አድርገዋል» አለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቆማ አየችው።

ስለ ድልድዩ ጥቂት ልበላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 ጆርጅ ግራንት ማካይ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ መሐንዲስ እዚህ ጫካ ውስጥ መሬት ገዝቶ ወንዙን ለመሻገር ድልድይ ዘረጋ። የመጀመሪያው ከሄምፕ ገመድና ከዝግባ ሳንቃ የተሠራ ነበር። ነፋስ ሲነፍስ በሚያሰማው ድምፅ ምክንያት ነባሮቹ «የሚስቀው ድልድይ» ይሉት ነበር ይባላል። በ1903 ገመዱ በብረት ገመድ ተተካ፤ በ1956 ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ተሠራ። ዛሬ ርዝመቱ 140 ሜትር፣ ከወንዙ በላይ ያለው ከፍታ 70 ሜትር ነው። 70 ሜትር ማለት የሃያ ፎቅ ያህል ነው። የብረት ገመዶቹ ጫፍና ጫፍ ላይ በኮንክሪት ውስጥ ተቀብረው ታስረዋል። በ2006 ከባድ በረዶ ወርዶ 46 ቶን የሚመዝን ዳግላስ ፈር የሚባል ዛፍ ምዕራባዊው ጫፍ ላይ ወደቀበት። ድልድዩ አልተበጠሰም፤ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ተረጎምኩላት። «46 ቶን» ስላት፣ «እኔ 62 ኪሎ ነኝ» አለች። ይህን ያለችው ለመጽናናት ነው መሰለኝ።

ወንድሜ ሚጣን ይዞ ቀደመ። ሚስቱ ፎቶ እያነሳች ተከተለች። እማዬ መግቢያው ላይ ቆመች። በሁለቱም ወገን መያዣ ገመድና መረብ አለው፤ ወለሉ ሳንቃ ነው። ችግሩ ድልድዩ ዝም ብሎ አለመቀመጡ ነው። ተንጠልጣይ ድልድይ ከሥሩ ምሰሶ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ሰው የረገጠው ርግጫ ገመዱን ይዞ ሌላው ሰው እግር ሥር ይደርሳል። ሰው ሁሉ በየራሱ እርምጃ ሲሄድ መወዛወዙ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሁለት ጎረምሶች እኩል መዝለል ከጀመሩ ግን ሁሉም ሰው ይጨፍራል። ደግሞ መሃሉ ረገብ ያለ ነው። እስከ መሃል ቁልቁለት፣ ከመሃል ወዲያ ዳገት።

እማዬ መጀመሪያ ቀኝ እግሯን አሳረፈች። ድልድዩ መለሰላት። እግሯን አነሳች።

«እኛ እንቅር» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ለራሴም ነው ያልኩት።

አልሰማችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ይህ አስተሳሰር ቤት ስታጸዳ ወይም ድግስ ሲኖር የምታስረው አይደለም፤ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሁለቱንም መያዣ ጨበጠችና ወደ ታች ሳታይ መሄድ ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ሰው ሁሉ ወደ ታች እያየ ይጮሃል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል። እሷ ግን ዓይኗን ከማዶ አልነቀለችም። ማዶ ጫፍ ላይ ወንድሜ ሚጣን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

ስትደርስ እጇን ይዞ ሳባት። ሚጣ በዚያች በተቀላቀለች አማርኛዋ «አያቴ፣ ፈራህ?» አለቻት። (ሚጣ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ትጠራለች፤ ማንም አይቀየማትም።)

«አልፈራሁም። ወደ ታች አታይም፤ የሚጠብቅህን ሰው ነው የምታየው» አለች እማዬ፤ የሚጣን ሰዋስው ሳታርም።

«ማን ነው እንደዚህ ያለሽ?» አላት ወንድሜ።

«ገመድ ሳቢዎቹ» አለች።

ማናችንም አልገባንም።

ማዶ በእርግጥ ጫካ ነው። ግን ምን ዓይነት ጫካ መሰላችሁ! ግንዳቸውን ለማቀፍ ብዙ ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ የሚጠይቅ ዛፎች፣ በመሬቱ ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አረንጓዴ ሽበት፣ ጥላው ውስጥ የሐምሌ ፀሐይ እንኳ የሚቀዘቅዝበት። ዛፎቹ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግሩ ሰባት ትንንሽ ተንጠልጣይ ድልድዮች አሉ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጨመሩ ናቸው። ሚጣና እናቷ ወደዚያ ሄዱ። እማዬ «ለአንድ ቀን ይበቃኛል» ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ በቀኟ፣ እኔ በግራዋ።

ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አወጣች። (አዎን፣ በአውሮፕላን የመጣ።) ጥቂት ቆረጠምን። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች።

እናቴ የተወለደችው ከዓባይ ማዶ፣ በእስቴ በኩል ነው። በ1963 ዓ.ም.፣ የ13 ዓመት ልጅ ሆና፣ ትምህርት እንድትማር ሞጣ ካለች አክስቷ ጋ ተቀምጣ ነበር። ይህንን እናውቅ ነበር። ያላወቅነው ቀጥሎ ያለውን ነው። በሞጣና በእስቴ መካከል ሰባራ ድልድይ የሚባል የጥንት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ጊዜ መሃሉ ፈረሰ። ፈርሶም ለስልሳ ዓመታት ያህል ቆየ። በእነዚያ ዓመታት መሻገር የፈለገ ሰው በገመድ ይታሰርና በፈረሰው ክፍተት ላይ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ወንዶች እየተሳበ ይሻገር ነበር። ክረምት ውሃው ሲሞላ ግን ሳቢዎቹም እምቢ ይላሉ።

«በነሐሴ እናቴ ሞተች» አለች እማዬ። «ከማዶ ጮኸው ነው የነገሩት። የሰማ ሰው ገበያ ላይ ለአክስቴ ነገራት። ለእኔ ግን አልተነገረኝም። ውሃው ሞልቷል፤ መሻገር አልችልም። አክስቴ ‹መሄድ ለማትችል ልጅ መርዶ ምን ያደርግላታል? እንደሰማች ውሃው ውስጥ ትገባለች› ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስማለች።»

ወንድሜ ዳቦ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ።

«እንቁጣጣሽ መጣ። ከልጆች ጋር አበባ ይዤ፣ ከበሮ እየመታሁ፣ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። እየዘፈንኩ በር ላይ ስቆም ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ጭስ ነው ይሉኛል። ለሌሎቹ ልጆች አምስት ሳንቲም ሲሰጡ ለእኔ ስሙኒ። እንደዚያ ዓመት ብዙ ሳንቲም አግኝቼ አላውቅም። ‹ድምፄ አምሮ ነው› ብዬ ነበር።»

በጥቅምት ውሃው ጎደለ። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰው ነገሯት። አክስቷ ለገመድ ሳቢዎቹ የደርሶ መልስ ከፈለች። እማዬ ደረቷ ላይ ታስራ፣ «ወደ ታች አትዪ፤ የሚጠብቅሽን ሰው እዪ» ተብላ ተሻገረች። ለእናቷ ሰማንያ ደረሰች።

«ለአክስቴ ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም» አለች። «በመሞቷ አይደለም። በዘፈንኩት ነው።»

አሁን የእኛን ልንገራችሁ።

አባታችን ያረፈው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 25 ቀን ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ሰኔ 23፣ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ የዚያን ሰሞን የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ኮሮናም ነበር። በጥቂት ሰው ቀበርነው። ወንድሜ በኢንተርኔት ሲያጣን በመደበኛ ስልክ ይደውል ነበር። አባዬ መታመሙን ያውቃል። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። እማዬ ከጎኔ ሆና በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። «ተኝቷል በይው።»

«ተኝቷል» አልኩት።

በማግስቱም ደወለ። «ተኝቷል።» በሦስተኛው ቀን ድምፁ ደስ ብሎት ነበር፤ ሥራ ላይ ዕድገት አግኝቶ ነበር። ስለ አለቃው ቀልድ ነገረኝ። ሳቅኩለት። ሰልስቱ ላይ ሆኜ፣ ጥቁር ለብሼ ሳቅኩለት። «አባዬ ሲነቃ ንገሪው» አለኝ። «እነግረዋለሁ» አልኩት።

በዘጠነኛው ቀን ነው ቫንኩቨር ያሉ የአገር ልጆች ጎህ ሳይቀድ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በሩ ላይ ቆመው ያረዱት። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወንድሜ ደውሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ያንን ቀልድ ስነግርሽ ከተቀበረ ስንተኛ ቀኑ ነበር?»

ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። አምስት ዓመት።

መቼም መርዶን አለመቸኮል የእኛ ደግ ልማድ ነው። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ በስልክ እንዳይሰማ፣ ከሥራ ላይ እንዳይሰማ ተብሎ ነው። የሚይዘው ክንድ፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ተዘጋጅቶ ይነገረዋል። ይህን አልነቅፍም። ግን የሚደበቀው ሰው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምን ያደርጋል? ይስቃል። ይዘፍናል። ቀልድ ያወራል። በኋላ ሲያውቅ ሐዘኑ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። እሱም ኀፍረት ነው። ከሞተው ሰው ጋር የሚታረቅ ሰው አይታችሁ ይሆናል፤ ከሳቁ ጋር የሚታረቅ ግን አላየሁም።

ወደ አግዳሚው ወንበር ልመለስ። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከላያችን፣ ዛፉ ላይ፣ የሚጣ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ እንዲህ አላት፦

«እማዬ፣ እኔ ግን ውሃ ውስጥ አልገባም ነበር።»

እማዬ ያፈገፈገች መሰለኝ። እንደ ሁልጊዜው «ለአንተ ብዬ ነው»፣ «ምን ላድርግ ታዲያ»፣ «እግዜር ያሳይህ» ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። በቤታችን ይቅርታ የሚባለው ነገር በምግብ ነው የሚጠየቀው፤ ዶሮ ይሠራል፣ ነገሩ ያልፋል።

«እኔም አልገባም ነበር» አለችው።

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልተባለም። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። 39 ዓመቱ ነው፤ የልጅ አባት ነው። እማዬ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ፣ ልጅ ሲያስገሳ እንደሚደረገው፣ ቀስ እያለች መታችው። እኔ ከግራዋ ተቀምጬ የዳቦ ቆሎውን ላስቲክ አጣጥፌ፣ ዘርግቼ፣ እንደገና አጣጠፍኩት። ያ «ተኝቷል» የሚለው ቃል የወጣው ከእኔ አፍ ነው። እማዬ ምልክት ሰጠች፤ የሳቀው ግን የእኔ ጉሮሮ ነው። የእኔ ይቅርታ ገና ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ስለ ሰባራ ድልድይ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው አንድ መጽሔት ላይ በገመድ የሚሳብ ሰው ፎቶ አየ። የተነሳው እዚያው፣ ሰባራ ድልድይ ላይ ነበር። ሰውየው ፎቶውን አይቶ ዝም አላለም። ድርጅት አቋቁሞ በ2002 ክፍተቱን በብረት አስጠገነው። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ብረቱን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ለእማዬ ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችና «እዚያ የተንጠለጠለው ደግ ነው። ማዶ ሰው አለ» አለች።

ግን ገና ከጫካው አልወጣንም። የካፒላኖ ድልድይ መውጫው መግቢያው ነው፤ የመጣህበትን 140 ሜትር መልሰህ ትሻገረዋለህ። ሚጣና እናቷ ተመልሰው መጡና ተነሳን። በዚህ ጊዜ እማዬ ሁለቱንም መያዣ አልያዘችም። በአንድ እጇ ገመዱን፣ በሌላው የወንድሜን ክንድ ይዛለች። መሃሉ ላይ ሲደርሱ፣ ያ ረገብ ያለው ቦታ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየች። ወንዙን ለደቂቃ ያህል ተመለከተችው።

«ትንሽ ነው» አለች። ከዓባይ ጋር እያወዳደረች መሆኗ ነው።

ከወዲህ ጫፍ ደረስን። ሚጣ አይስክሬም ብላ ጀመረች። ሚስቱ ወደ ሱቁ ይዛት ሄደች። ወንድሜ ወደ እኔ መጣና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያሳየኝ መስሎ አጠገቤ ቆመ።

«ያ ቀልድ ግን ያስቅ ነበር?» አለኝ።

ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። «አዎ» አልኩት። «አለቃህ በሩን በተሳሳተ ወገን ሲገፋ…»

«አባዬም ይስቅ ነበር» አለኝ።

«ይስቅ ነበር።»

«ለሰባት ዓመቱ እመጣለሁ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለወንዙ አልለየሁም። ሰባት ዓመቱ በ2019 ዓ.ም. ሰኔ ነው። ጻፍኩት፤ እናንተም ምስክር ሁኑ።

ወደ መኪናው ልንሄድ ስንል እማዬ የለችም። ዞር ስንል ድልድዩ መግቢያ ላይ ቆማለች። ከቦርሳዋ ያንን ደረሰኝ አውጥታ ዘርግታዋለች።

«ይሄ ስንት ጊዜ ያሻግራል?» አለችው ወንድሜን።

«የፈለግሽውን ያህል፣ እማዬ። እስኪዘጋ ድረስ።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩለናል? ሃያ አራት ሺህ ብር ተከፍሎበታል። ና አሻግረኝ።»

«ማዶ ምንም የለም ብለሽ አልነበር?»

«ማዶ ምን አገባህ፤ ና።»

ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ጎረምሶች እየዘለሉ አለፉባቸው፤ ድልድዩ ተወዛወዘ፤ እነሱ ግን አልቆሙም። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙና መያዣውን ተደግፈው ማውራት ጀመሩ። ብዙ ሰው በጎናቸው አለፈ። ምን እንደሚባባሉ ከዚህ አይሰማም። አንድ ጊዜ እማዬ እጇን ወደ ላይ ስታነሳ አየሁ። አንድ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ።

እኔ ከወዲህ ጫፍ፣ ሲመለሱ በሚያዩኝ ቦታ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።